በግቢው ጦጣ የሚያሳድግ ሰው ወዴት ይሂድ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ለብዙ ዓመታት በእንስሳት ሕክምና ሙያ ያገለገልኩ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የዱር እንስሳትን በቤት ስለ መያዝ የተደነገገው ሕግ እንስሳው በእጁ ላለ ሰው መውጫ በር ስላላበጀለት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት አንዲት ጦጣ በዘንቢል ይዘው ወደ ክሊኒካችን መጡ። ጦጣዋ ምግብ ከተወች ሦስት ቀን ሆኗታል። የወገቧን ፀጉር ገለጥ አድርጌ ሳይ፣ ሕፃን ሳለች የታሰረችበት የናይለን ሲባጎ ሰውነቷ ሲያድግ ሳይላላላት ቀርቶ ቆዳዋን በጥሶ ገብቷል፤ ከላዩም ሥጋ በቅሎበታል። ሲባጎውን በጥቂት በጥቂቱ እየቆረጥኩ ለማውጣት ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። እኚህ እናት ጨካኝ ሰው አልነበሩም። ልጆች በመንገድ ዳር ሲጎትቷት አይተው አዝነው ነው የገዟት፤ ሙዙንና ዳቦውን ከአፋቸው ቀንሰው ያበሏታል፤ ሲጠሯትም "ልጄ" እያሉ ነው።

ቁስሉን ካከምኩ በኋላ እንደ ባለሙያ ማለት ያለብኝን አልኩ። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ እንደሚያስቀጣ፣ ጦጣ ስትነክስ የእብድ ውሻ በሽታን ልታስተላልፍ እንደምትችል፣ የሰው ሳንባ ነቀርሳም በተራው ወደ እሷ እንደሚጋባ አስረዳኋቸው። እሳቸውም "ታዲያ ፈቃዱ ከየት ይወጣል? የማይሆን ከሆነስ ለማን ልስጣት?" ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። በማግሥቱ ጥያቄውን ይዤ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ብደውል ወደ ሌላ መሩኝ፤ ሌላው ደግሞ በደብዳቤ እንድጠይቅ ነገረኝ። በቀጠሮው ቀን እናትየዋ አልመጡም። እስራት ፈርተው ጦጣዋን በሌሊት ከከተማ ውጭ እንደለቀቋት፣ እሷ ግን የለመደችው ሰው ስለሆነ ወደ ሰፈር ስትመለስ ውሾች እንደገደሏት ከጎረቤታቸው ሰማሁ። ቅጣቱን ነግሬ መፍትሔውን ሳልነግራቸው በመቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ይዞ መገኘትን ወንጀል አድርጎ፣ ሲወጣ ከ5 ሺህ እስከ 30 ሺህ ብር መቀጮ ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ወይም ሁለቱንም ቅጣቶች ደንግጎበታል። አገራችን በመጥፋት ላይ ያሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚገዛውን፣ ሳይተስ እየተባለ የሚጠራውን ስምምነት የተቀበለችውም እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። እነዚህ ድንጋጌዎች በዋናነት የሚያነጣጥሩት በአዳኙና በነጋዴው ላይ ነው፤ ሊሆንም የሚገባው እንዲሁ ነው። ነጋዴው ግን ሕጉን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ይሸሸዋል፤ በአዘኔታ ወይም ባለማወቅ ጦጣ፣ ኤሊ ወይም የድኩላ ግልገል በግቢያቸው ያስገቡ ሰዎች ናቸው የሚደናገጡት።

የነጋዴውን ጉዳይ ቀላል አድርጌ እንዳላየው የአቦሸማኔ ነገር ይከለክለኛል። በዓለም ላይ በዱር የቀሩት አቦሸማኔዎች ወደ 7 ሺህ ገደማ ብቻ እንደሆኑ ይገመታል። ከአፍሪካ ቀንድ የሚያዙት ግልገሎች በባሕር ወደ የመንና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይጋዛሉ። ግልገል አቦሸማኔ ከእናቱ ጋር ዓመት ተኩል ያህል ቆይቶ ነው ማደን የሚማረው። በሳምንታት ዕድሜው ተነጥቆ የላም ወተት ሲሰጠው ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ከዚያ የተረፈው አጥንት የሌለው ሥጋ ብቻ እየበላ ሲያድግ በካልሲየም እጥረት እግሩ ይቆለመማል። በካርቶን ታሽገው ከተያዙ ግልገሎች አንዱን በእጄ ይዤ ክብደቱን ስለካ፣ የጎድን አጥንቶቹ በጣቶቼ ሥር አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው የፌዴራል ሕግ ቁጥር 22 አደገኛ እንስሳትን በግለሰብ ደረጃ መያዝን ከልክላለች። ገዢው ባለበት አገር እንዲህ ያለ ክልከላ መውጣቱ መልካም ነው፤ በእኛ በኩል ያለው በር ክፍት ከሆነ ግን ንግዱ አይቆምም።

ፈቃድ መስጠትና መቆጣጠር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በጅማና በወለጋ አካባቢዎች ጥርኝን በእንጨት ጎጆ አስቀምጦ ዝባድ ማውጣት፣ ዝባዱንም በቀንድ ሞልቶ ለውጭ ገበያ ማቅረብ ከጥንት የነበረ ሥራ ነው፤ አያያዙ ብዙ ትችት ቢኖርበትም በመንግሥት ፈቃድ የሚሠራበት ዘርፍ ነው። ገቢ ለሚያስገኘው ጥርኝ የተገኘው አሠራር በየግቢው ለታሰረችው ጦጣ የሚታጣበት ምክንያት አይታየኝም።

ይህን ስል ለጦጣና ለአቦሸማኔ የቤት ውስጥ ፈቃድ ይሰጥ እያልኩ አይደለም። እንዲህ ያለ ፈቃድ ለነጋዴው መሸፈኛ ይሆናል፤ "ከፈቃድ ባለቤት የገዛሁት ነው" የሚል ሰው ግልገሉ ከየትኛው ሜዳ እንደመጣ ማን ያረጋግጥበታል? የሐረር ሰዎች ለስንት ዘመን ከቅጥሩ ውጭ ጅብ ሲመግቡ ኖረዋል፤ ጅቡ ግን በልቶ ወደ ዋሻው ይሄዳል እንጂ በማንም ግቢ አልታሰረም። የዱር እንስሳን መውደድና የግል ማድረግ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከእነሱ የተማርን ይመስለኛል።

የምጠይቀው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ከክልሎች ጋር ሆኖ የተወሰነ ጊዜ እንዲያውጅና፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ በእጁ ያለውን እንስሳ በገዛ ፈቃዱ የሚያስረክብ ሰው እንደማይከሰስ በግልጽ እንዲነገረው ነው። የትኛው እንስሳ በምንም ሁኔታ በግለሰብ እጅ ሊያዝ እንደማይችል፣ የትኛውስ በምን መመዘኛ እንደሚፈቀድ የሚያሳይ ዝርዝር በአማርኛና በየክልሉ ቋንቋ በየቀበሌው ሊለጠፍ ይገባል። የሚረከቡትን እንስሳት ማስቀመጫም መታሰብ አለበት። ሆለታ አቅራቢያ ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት የሚያስተዳድረው ማዕከል ከሕገ ወጥ ይዞታ የተወረሱ አንበሶችን፣ አቦሸማኔዎችንና ጦጣዎችን እየተቀበለ ይንከባከባል፤ ከሰው ጋር ያደገ እንስሳ ብዙውን ጊዜ ወደ ዱር ሊመለስ ስለማይችል እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የሚቀለበው በእንዲህ ያለ ቦታ ነው። አንድ ማዕከል ግን ለአገር አይበቃም፤ ከሶማሌ ክልል ወይም ከድሬዳዋ አንድ የታመመ ግልገል እስከ ሆለታ ለማድረስ ያለውን መንገድ ለሚያውቅ ይህ ግልጽ ነው። በምሥራቅም ቢያንስ አንድ ጊዜያዊ ማቆያ ያስፈልጋል።

ማስረከቢያው ቦታና የሚደወልበት ስልክ ቁጥር በወጣ ቀን በክሊኒካችን በር ላይ በትልቁ ጽፌ እለጥፈዋለሁ። እኚያን እናትም ሄጄ እነግራቸዋለሁ፤ አሁን ደግሞ ጎረቤታቸው አንዲት ግልገል ጦጣ እያሳደገ ነው ብለውኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንስሳት ሐኪም
ከድሬዳዋ