ይድረስ ለወንድሜ፤ ስለ ተረከብካቸው ታዳጊዎች

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እናታችን እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። ሳንጻጻፍ ብዙ ጊዜ አለፈ፤ ስምህ ግን ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም። ጅማ እንደምታውቃት ናት። ዝናቡም ጭቃውም ያው ነው፤ ባጃጁ ብቻ በዝቷል።

በሰንበት ትምህርት ቤታችሁ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉትን ልጆች እንድትይዝ መሰጠትህን ሰማሁና እጅግ ደስ አለኝ። ደብዳቤውንም ያጻፈኝ ይኸው ነው። በዚህ ዕድሜ ላሉ ልጆች «ታዘዙ፣ ራሳችሁን ግዙ» ብሎ መስበክ ቀላል ነው፤ አንገታቸውን ደፍተው ይሰሙሃል፣ መዝሙሩንም አሳምረው ይዘምራሉ። ሰኞ ጠዋት ግን ምን ማድረግ እንዳለባቸው አያውቁም። ስለዚህ ስብከቱን ለካህናቱ ትቼ ስለ ሰኞ ልጻፍልህ።

ከሁሉ በፊት ፈረቃውን አስብ። በብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጁ የሚማረው ግማሽ ቀን ነው። የጠዋት ተማሪ እኩለ ቀን ላይ ይለቀቃል፤ የከሰዓት ተማሪ ደግሞ ጠዋቱን ሙሉ ጠያቂ የለውም። ወላጅ ሥራ ላይ ነው፣ መምህሩ ሌላ ፈረቃ ይዟል። ልጆች የሚበላሹት ከክፍል ይልቅ በዚህ ባለቤት በሌለው ግማሽ ቀን ነው። ፑል ቤቱ፣ ጌም ቤቱ፣ የኳስ ውርርዱ፣ ጫት መቃሚያው የሚሞላው በዚያ ሰዓት ነው። የመጀመሪያ ሥራህ እንዲህ ይሁን፦ ለእያንዳንዳቸው አንድ ወረቀት ስጥና ከትምህርት ሰዓት ውጪ ያለውን ጊዜ በየሰዓቱ እንዲጽፉት አድርግ። በአንዱ ዓምድ የት እንደሚሆን፣ በሌላው ዓምድ እዚያ መሆኑን የሚያውቀው ሰው ማን እንደሆነ ይጻፍ። ሁለተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበትን ሰዓት አንተ ሳትነግራቸው ራሳቸው ያዩታል። ወረቀቱን አትሰብስብ፤ የምትሰበስበው ከሆነ እውነቱን አይጽፉልህም።

ከዚያ አንድ ደንብ ብቻ ይምረጡ፤ አንድ፣ ከዚያ አይበልጥም። ለሦስት ሳምንት እሱን ብቻ ይያዙ። ብዙዎች የሚወድቁት በአንድ እሑድ ሰባት ነገር ለእግዚአብሔር ቃል ገብተው ስለሚወጡ ነው። እስከ ረቡዕ ሦስቱ ይፈርሳሉ፤ ልጁም «እኔ አልረባም» ብሎ የቀሩትንም አራቱን ይጥላቸዋል።

ከስልኩ ቢጀምሩ ይሻላል እላለሁ። ደንቡ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ስልኩን ለእናቱ ወይም ለአባቱ መስጠት ነው። ልብ በል፣ ሳይጠየቅ ራሱ ይሰጣል፤ እስኪቀሙት ከጠበቀ ራሱን ገዛ አይባልም። ሁለት ምክንያት ያቀርቡልሃል። አንዱ «ለመነሻ አላርም ያስፈልገኛል» ነው፤ ትንሽ የጠረጴዛ ሰዓት ይገዛለት። ሁለተኛው «ቲቸር ኖቱን በቴሌግራም ነው የሚልከው» ነው። ይህኛው እውነት ነው፤ ስለዚህ ከ2 ሰዓት በፊት ኖቱን ወደ ደብተሩ ይገልብጥ። በእጅ መገልበጡ ራሱ ግማሽ ጥናት ነው። ስልኩ ትራስ ሥር ካደረ ግን ደንቡ ፈርሷል፤ ድምፁን ማጥፋት አይበቃም።

በተገኘው ሰዓት እንዴት እንደሚያጠኑም አሳያቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ይህ ነው። ልጁ አንድ ምዕራፍ አምስት ጊዜ ያነብና ያወቀው ይመስለዋል፤ ዓይኑ ለመደው እንጂ አላወቀውም። 40 ደቂቃ ያንብብ፣ ደብተሩን ይዝጋ፣ ያስታወሰውን በባዶ ወረቀት ይጻፍ፣ ከዚያ ከፍቶ የሳተውን በሌላ ቀለም ያርም፣ 10 ደቂቃ ይረፍ። ያንኑ ነገር በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ይጻፈው። ዳዊት የሚደግም ልጅ ካለህ ይህ አይከብደውም፤ ቃል መያዝ የሚመጣው ተመላልሶ ሳያዩ በመድገም እንደሆነ ያውቀዋል።

ጫቱን ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። በእኛ በኩል በየደጁ አለ፣ እናንተም ዘንድ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የፈተና ሰሞን ሲደርስ «ለጥናት» ተብሎ ይጀመራል። እርጥቡ ቅጠል ውስጥ ያለው አነቃቂ ካቲኖን ይባላል፤ እንቅልፍን ያባርራል፣ ልጁንም የገባው ያስመስለዋል። ምርቃናው ሲወርድ ድብርቱ ይመጣል፣ ሌሊቱ ያለ እንቅልፍ ይነጋል፣ ጠዋት ፈተናው ላይ ራሱ ይከብደዋል። ቀን የተጠናው በአእምሮ የሚረጋው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። በዚህ ዕድሜ ከ8 ሰዓት ያላነሰ እንቅልፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ «ኃጢአት ነው» ብለህ ብቻ አትተው፤ ለምን እንደሚያከስራቸው ንገራቸው። ቃሚ ጎረቤታቸውን እንዲንቁም አታድርግ። የምናስተምረው ራስን መግዛት ነው፤ ሰውን መናቅ ከገባበት ፍሬው ተበላሸ።

አሁን ወደ ኩረጃ ልምጣ። የሚኮርጅ ልጅ ሁሉ ሰነፍ አይደለም። አብዛኛው ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ የቤት ሥራ ያለፈው፣ ከዚያ ሁለተኛው ያልገባው፣ በመጨረሻም አጤሬራ ጽፎ የሚገባ ነው። መድኃኒቱም እዚያው ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ ነው፦ ያልገባውን ነገር በዚያው ሳምንት መምህሩን መጠየቅ። ከሚኮርጀው ይልቅ የሚያስኮርጀው ደግሞ የእኛ ልጅ ሆኖ ይገኛል። ጎበዝና ደግ ስለሆነ «አይሆንም» ማለት ክፋት ይመስለዋል። ለእሱ የሚሠራው መንገድ ይህ ነው፦ ከፈተናው በፊት ባለው ቅዳሜ ያንን ጓደኛውን ጠርቶ ሁለት ሰዓት ያስረዳው፤ «በፈተና ሰዓት ግን ቀና አልልም» ብሎ አስቀድሞ ይንገረው። አስቀድሞ የተነገረ እምቢታ ጓደኝነትን አያፈርስም፤ ፈተናው መሐል የመጣ ግን ያቀያይማል። የቡድን አሳይንመንትም ሳይሠሩ ስም ማስገባት ያው ኩረጃ ነው፤ ልጆቹ ይህን አያስቡትም።

አገር አቀፉን ፈተናም አስታውሳቸው። በ2008 ፈተናው አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ተሰረዘ። የ2014 ትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስዶ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለውጤቱ ብዙ ምክንያት አለው፤ ሁሉን በኩረጃ ማመካኘት ግፍ ነው። ይሁን እንጂ በጎረቤት ወረቀት ተማምኖ አራት ዓመት የተቀመጠ ልጅ እዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚይዘው ነገር አልነበረውም።

ለመምህር መታዘዝን በዳንኤል ምዕራፍ 1 አስተምራቸው፤ ከዚያ የተሻለ አላውቅም። ምዕራፉን ከእነሱ ጋር ቀስ ብለህ አንብበውና ቅደም ተከተሉን አሳያቸው። ዳንኤል ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በባቢሎን ቤተ መንግሥት ሳለ፣ በንጉሡ መብልና ወይን ላለመርከስ መጀመሪያ በልቡ ቆረጠ። ከዚያ አልጮኸም፣ አላመፀም፤ የጃንደረቦቹን አለቃ በትሕትና ለመነ። አለቃው ንጉሡን ፈርቶ ሲያመነታ በላያቸው ወደ ተሾመው ሰው ሄዶ አሥር ቀን ፈትነን አለ፤ ጥራጥሬና ውኃ፣ ከዚያ ፊታችንን ከሌሎቹ ጋር አስተያይ። ትምህርቱን ግን አልተወም፤ የከለዳውያንን ቋንቋና መጽሐፍ ተማረ። ሲጠየቁም ከሌሎቹ አሥር እጥፍ በልጠው ተገኙ። ለልጆቹ የሚሆነው ይህ ነው፦ መምህሩ ያዘዘውን መጀመሪያ ይፈጽሙ፤ ቅር ያላቸውን ከክፍል በኋላ ለብቻ፣ ቆመው፣ በአክብሮት ይጠይቁ፤ ካልሆነ ወደ ክፍል ኃላፊ መምህራቸው፣ ከዚያ ወደ ዩኒት ሊደሩ፣ በመጨረሻ ወላጅ ይዘው ወደ ዳይሬክተሩ ይሂዱ። በክፍል ፊት መልስ መስጠት መምህሩን ያዋርዳል፤ የተዋረደ መምህር ደግሞ እውነቱ ከልጁ ጋር ቢሆንም አይሰማም።

መምህሩ የሌላ እምነት ሰው ቢሆንም ያው ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን ቅዱስ ባስልዮስና ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ጣዖት በሞላባት አቴና ሲማሩ ከሁለት መንገድ በቀር አያውቁም ነበር፤ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ ወደ መምህራኑ።

ዳር ድንበሩንም በግልጽ ንገራቸው፤ በተለይ ለሴቶቹ። ለማርክ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ወይም «ቤቴ መጥተሽ ፈተናሽን ውሰጂ» የሚል መምህር አይታዘዙትም። ብቻቸውን አይሄዱም፣ ምክንያትም አይደረድሩም፤ በዚያው ቀን ለእናት ወይም ለሚያምኑት ታላቅ ይናገራሉ። ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር መታዘዝ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ይሠራል። መታዘዝን አስተምረን ይህን ካላስተማርን ልጆቹን ያለ ጋሻ ሰደድናቸው ማለት ነው።

የቡና ለቀማው ነገር በእናንተ ላይኖር ይችላል፤ አዝመራ ግን የትም አለና ልንገርህ። እዚህ በማናና በጎማ ወረዳዎች ጥቅምትና ኅዳር ሲደርስ ልጆች ከትምህርት ይቀራሉ። አባት «ና ልቀም» ሲል ልጁ ለማን ይታዘዝ? አባቱ ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ ቀዩ ፍሬ ቀን አይሰጥም፣ ካለፈበት ይደርቃል፣ ይረግፋል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ትምህርቱም በዚያው ሰሞን ይከብዳል። የሚሠራው ነገር ለቀማው ከመጀመሩ በፊት፣ መስከረም ላይ፣ ልጁ ራሱ ለአባቱ ሐሳብ ማቅረቡ ነው፦ ከፈረቃዬ ውጪ ያለውን ግማሽ ቀንና ቅዳሜን ሙሉ እለቅማለሁ፤ ከክፍል ግን አልቅር። እንዲህ ቀድሞ የመጣ ልጅ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ለቀማው ተጀምሮ በጭቅጭቅ መሐል የመጣ አይሰማም። መቅረቱ ግድ ከሆነ ለመምህሩ አስቀድሞ ይንገር፤ ኖት የሚይዝለት አንድ ጓደኛም ይኑረው። ለሴት ልጅ ደግሞ ለቀማው ዓመቱን ሙሉ ነው፤ ውኃው፣ ወጡ፣ ታናናሾቹ። እናትየዋን ራስህ አነጋግራት፤ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሰዓቱ የታወቀ፣ ማንም የማይጠራት። ብዙ እናቶች ይህን ያህል ቁርጥ ተደርጎ ሲነገራቸው እሺ ይላሉ፤ «እንድታጠና ተዪያት» ሲባሉ ግን ምን እንደተጠየቁ አይገባቸውም።

ስለ ጾም ባጭሩ። ከጾም የተሻለ የራስን መግዛት ትምህርት የለም፤ ምግቡ ፊቱ ቀርቦ መተው የለመደ ልጅ ሌላውንም መተው ይችላል። ነገር ግን በዓቢይ ጾም የከሰዓት ፈረቃ የሚማር ልጅ እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ቢቀመጥ ከሒሳቡ ላይ ያንቀላፋል፤ ጨጓራው የታመመም አለ። ሰዓቱን ከንስሐ አባቱ ጋር ይወስን፤ በራሱ ፉክክር አያክርረው። ሲፈስክም ሆነ ሲጾም ሽሮና ምስር ይብላ፣ በዳቦና በሻይ አይዋል።

ክትትሉን አንተ አትያዘው። ሦስት ሦስት አድርገህ አቧድናቸውና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አሥር ደቂቃ እርስ በርስ ይጠያየቁ፦ ደንቡን በስንት ቀን ጠበቅህ? በየትኛው ቀን ፈረሰ? ምን ሆኖ? ሦስተኛው ጥያቄ ዋናው ነው። በጉባኤ ፊት የወደቀውን አታስነሣ፣ የቆመውንም አታስጨብጭብለት። የመጀመሪያው ልጅ መዋሸት ይማራል፣ ሁለተኛው ለጭብጨባ መጾም ይጀምራል።

ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ጀምር፤ ከዚያ በፊት የፈረቃ ድልድሉ አይረጋም። የፈተና ሰሞን አዲስ ደንብ አታስገባ። ወላጆቹን ከመጀመሪያው እሑድ በፊት ሰብስበህ የስልኩን ነገር ንገራቸው፤ ልጁ ሲያስረክብ እናት «ምነው፣ ምን አጠፋህ?» ብላ እንዳትመልስለት።

እናታችንን ሳምልኝ። የደረሰህን ችግር ሁሉ ጻፍልኝ፤ እኔም ፈጥኜ እመልሳለሁ።

ወንድምህ፣ ከጅማ