ጽጌረዳ የሚሸት ቅጠል፦ የሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የሳይንስ ክበባችን በ2017 ዓ.ም. የከረመው ከአንድ ተክል ጋር ነው። በየወሩ የተለያየ ሙከራ ማሳየቱ ይቅርና አንዱን ነገር ከችግኙ እስከ ሳሙናው ድረስ እንከተል ብለን ከተማሪዎቹ ጋር ተስማማን። የተመረጠውም ጄራኒየም ሆነ። ወሬው መምህራን ማረፊያ ሲደርስ «በየሰው በረንዳ በዘይት ቆርቆሮ ተተክሎ የምናየውን?» ተብሎ ተሳቀብን።

የበረንዳው ጄራኒየም ሌላ ነው። ቅጠሉ ክብ፣ አበባው ደማቅ ቀይ ወይም ነጭ የሆነው ያ ተክል የሚወደደው ለዓይን ነው። ለሽቶ የሚፈለገው ዘመዱ ደግሞ ቅጠሉ በጥልቅ የተሰነጣጠቀና ጸጉራም፣ አበባው አነስ ያለና ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፤ ሳይነኩት ብዙም አይታወቅም፤ ቅጠሉን አሸት ሲያደርጉት ግን እጅ ላይ የሚቀረው የጽጌረዳ ሽታ ነው። በሳይንሳዊ አጠራር ሁለቱም ፔላርጎኒየም ይባላሉ፤ የትውልድ ሥፍራቸውም ደቡብ አፍሪካ ነው። ስዊድናዊው የተክል ሊቅ ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ጄራኒየም ከሚባለው ወገን ጋር ደርቦ መድቧቸው ነበር፤ በ1789 ፈረንሳዊው ሌሪቲየር ለያቸው። ነጋዴውም አትክልተኛውም ግን እስከ ዛሬ የድሮውን ስም አልተዉም፤ እኛም አልተውንም። ለነገሩ ፔላርጎኒየም መልቲብራክቴያተም የሚባል ባለነጭ አበባ ዘመዳቸው በእኛም ደጋ በዱር ይበቅላል።

ችግኙን ያገኘነው ከአንዲት ተማሪ አክስት ግቢ ነው። ለዘይት የሚተከለው ጄራኒየም ድቅል በመሆኑ ከዘር አይፈላም፤ ቅርንጫፉ እየተቆረጠ ይተከላል። መስከረም መጨረሻ ላይ ከላቦራቶሪው ጀርባ ያለችውን መሬት ቆፍረን ተከልን። አትክልተኛችን አባባ (ተማሪዎቹ እንዲህ ነው የሚጠሯቸው) መደቡን ከፍ አድርገው ቦይ ካላወጡለት አላስተክልም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ይህ ተክል ፀሐይ ይችላል፣ ሥሩ ላይ ውሃ ሲቋጥር ግን ይበሰብሳል። ከቦዩ በታች ያለው ጥግ ላይ የነበሩት ችግኞች ጥቁር ግንድ አውጥተው ሞተዋል፤ የቀሩት ደኅና ናቸው።

እስኪያድግ ድረስ ጊዜውን በማይክሮስኮፕ አሳለፍን። የቅጠሉን ጠርዝ ስናይ ሁለት ዓይነት ጸጉር አለው፤ አንዱ ሹል ነው፣ ሌላው አጭርና ጫፉ ላይ ክብ ራስ ያለው ነው። ዘይቱ ያለው እዚያች ክብ ራስ ውስጥ ነው። አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ በመርፌ ጫፍ ነካ ሲያደርጋት ፈንድታ ፈሳሿ መስታወቱ ላይ ሲሰራጭ አየን። «ቲቸር፣ አበባውን አይደለም እንዴ የምንቆርጠው?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ቀን በኋላ አልተነሣም።

አቆራረጡ ጊዜ አለው። ለጋ ቅጠል ወደ ሎሚ ያደላል፤ ሲበስልና የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ማለት ሲጀምሩ የሎሚው ሽታ ለጽጌረዳው ቦታ ይለቃል፤ የሚታጨደው ያኔ ነው። ደረቅ ፀሐያማ ቀንም ይመረጣል። እኛ የመጀመሪያውን የካቲት፣ ሁለተኛውን ግንቦት ዝናብ ከገባ በኋላ አጨድን። የግንቦቱ ቅጠል በመልኩ ይበልጥ ያማረ ነበር፣ ውሃ የጠገበ፤ በዘይት ግን የካቲትን አላከለም።

ዘይቱን ከቅጠሉ ማንጠሩን ለማስረዳት ብዙ አልደከምኩም፤ አረቄ ሲወጣ ያላየ ተማሪ ክፍሌ ውስጥ የለም። ድፍድፉ ማሰሮ ውስጥ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በመቃው ያልፋል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው መቀበያ ወርዶ ፈሳሽ ይሆናል። የእኛም ያው ነው፤ በማሰሮው ፈንታ የግፊት ድስት፣ በመቃው ፈንታ የመዳብ ቱቦ። ርእሰ መምህሩ ግን «የክበቡ ልጆች አረቄ እያወጡ ነው» የሚል ስሞታ ከአንድ ወላጅ ደርሷቸው መጥተው ነበር። ድስቱን ከፍተን አስሸተትናቸው፤ ጉዳዩ በዚያው አለቀ።

ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ነው። ከአረቄ በተለየ ዘይቱ ከውሃ ጋር አይዋሐድም፤ ከውሃ ስለሚቀል ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ሰፊ ዕቃ ላይ ቢወርድ ስስ ሆኖ ተዘርግቶ ስለሚጠፋ አንገተ ጠባብ ጠርሙስ ያስፈልጋል። ተማሪዎቹ ዘይቱን በሲሪንጅ ሲስቡ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። ቀለሙ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ ነው። የየካቲቱ 8 ኪሎ ቅጠል የሰጠን 8 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ከሺህ አንድ መሆኑ ነው። «ይኼው ነው?» ያለው ልጅ ድምፁ እስካሁን ይሰማኛል። ያኔ ነው የጽጌረዳን ነገር ያነሣሁት፦ 1 ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ለማግኘት ከ3,000 እስከ 5,000 ኪሎ የአበባ ቅጠል ይፈጃል። ጄራኒየም ከዚህ አንጻር ለጋስ ነው።

ሁለቱን ዘይቶች ያዛመዳቸው ሲትሮኔሎልና ጄራኒዮል የሚባሉ ውህዶች በሁለቱም ውስጥ በብዛት መኖራቸው ነው። ጄራኒየም በላዩ ላይ አይሶሜንቶን አለው፤ ከጽጌረዳው ጀርባ የምትመጣው የናና ቅዝቃዜ ከእሱ ናት። በዚህ መመሳሰል የተነሣ ሽቶ ሠሪዎች ውዱን የጽጌረዳ ዘይት በጄራኒየም ያበዙታል። ይህ ማጭበርበር ነው ወይስ ሙያ? ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። የእኔ ሐሳብ፣ ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈ ሙያ ነው፣ ካልተጻፈ ማጭበርበር።

በማሽተቱ ጊዜ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ «ደስ ይላል» ማለት ክልክል ነው። መጀመሪያ ዝም አሉ፣ ቀስ በቀስ ግን ቃል መጣላቸው፦ ሎሚ፣ እርጥብ ሳር፣ ጤና አዳም፣ ሚስማር። አንድ ወላጅ ከግብፅ ያመጡትን ትንሽ ጠርሙስ ከእኛው ጋር ጎን ለጎን አሸተትን። የግብፁ ጣፈጥ ያለ ነው፣ የእኛው አረንጓዴነት ይበዛዋል። በዓለም ገበያ ስመ ጥሩው ቡርቦን የሚባለው ነበር፤ የሕንድ ውቅያኖስ ደሴት ከሆነችው ከሬዩንዮን የሚመጣ ማለት ነው። አሁን በብዛት የሚያቀርቡት ግብፅና ቻይና ናቸው። ኬሚስቶች ሳያሸቱ ይለዩአቸዋል፦ በግብፁ ውስጥ 10-ኤፒ-ጋማ-ዩደስሞል የሚባል ውህድ፣ በቡርቦኑና በቻይናው ውስጥ ደግሞ ጓያ-6,9-ዳየን የሚባል ጎልቶ ይገኛል። ስሞቹን ያሸመደዱ ልጆች አሉን፤ እኔ አላስገደድኳቸውም። ሎሚ፣ ፖም፣ ናና የሚሸቱ ሌሎች ፔላርጎኒየሞችም አሉ፤ ሚያዝያ ላይ በሥዕል አይተናቸው አልፈናል።

ስለ ጥቅሙ ስንጽፍ ትንሽ ተጨቃጨቅን። የግድግዳ ጋዜጣ አዘጋጆቹ ከኢንተርኔት ጭንቀት፣ ደም ግፊት፣ ቁስል፣ የማይፈወስ ነገር የሌለበት ረዥም ዝርዝር ይዘው መጡ። አብዛኛውን አስወጣሁ። የቀረው ይህ ነው፦ ለሽቶ፣ ለሳሙና፣ ለቅባት ያገለግላል። ጄራኒዮልና ሲትሮኔሎል ትንኝ ያርቃሉ፣ ግን ቶሎ ይተናሉ፤ ሐዋሳን በመሰለ የወባ ከተማ አጎበርን የሚተካ ነገር የለም። ዘይቱ አይጠጣም፤ ሳይቀጠን ቆዳ ላይ አይደረግም። አለርጂ የሚያስነሣባቸው ሰዎች በመኖራቸው የአውሮፓ ኅብረት ጄራኒዮል፣ ሲትሮኔሎልና ሌላው የዘይቱ ውህድ ሊናሎል ከተወሰነ መጠን በላይ ሲኖሩ የመዋቢያ ዕቃው ላይ እንዲጻፉ ያስገድዳል። የእኛም ሳሙና ላይ ተጽፏል።

ሳሙናውን የሠራነው ግንቦት ላይ ነው። ቆዳ የሚያቃጥለውን ኮስቲክ ሶዳ የነካሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ልጆቹ ዘይት መዘኑ፣ አማሰሉ፣ ቆረጡ። የጄራኒየም መዓዛ የሳሙናን ኃይለኛነት ስለሚችል ከሌሎች ሽታዎች ይልቅ ይቆያል። በወላጆች ቀን ከሰዓት በፊት አልቋል፤ ከሽያጩ የመስታወት ዕቃ ተገዝቶ ላቦራቶሪ ገብቷል። ከዘይቱ የተረፈው የመዓዛ ውሃ የመምህራን ማረፊያ ወለል ሲወለወልበት የከረመ መሆኑን የሳቁብን ባልደረቦቼ ይወቁልኝ።

ያልተሳካው ጉብኝቱ ነው። መዓዛማና መድኃኒታዊ ሰብሎች የሚጠኑበት የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል ቅርባችን ሆኖ ሳለ አውቶቡስ ሳይገኝ ዓመቱ አለቀ። በ2018 ዓ.ም. ከጥቅምት ሳያልፍ እንሄዳለን፤ በዚያው ዓመት ከጄራኒየሙ ጎን ጠጅ ሳር እንተክላለን፤ ተማሪዎቹ ሲትራል የሚባለውን የሎሚ ሽታ ከእሱ አውጥተው ከለጋው ጄራኒየም ጋር ማስተያየት ይፈልጋሉ። የክበቡ ምዝገባ የመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ነው። ዘይቱ ብርሃን ሲያገኝ ስለሚበላሽ ቡናማ የመድኃኒት ጠርሙስ ያላችሁ አትጣሉ፤ በሙቅ ውሃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ከነክዳኑ ለላቦራቶሪ ረዳቷ ስጡልን።