ፎቶው የሌላ ድልድይ ነው፣ ቤቶቹም የሞኝ ሥራ አልነበሩም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ ድሮው የለንደን ድልድይ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ መጻፉ ደስ ይላል፤ ግን ሁለት ነገር አናደደኝና ይሄው ብዕር አነሳሁ።

አንዱ ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት ፎቶ ነው። ያ ሁለት ማማ ያለው፣ መርከብ ሲመጣ መሐሉ ተከፍቶ የሚነሳው፣ በየፖስት ካርዱ የምናየው ድልድይ ታወር ብሪጅ ይባላል። የተከፈተው በ1894 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጽሑፋችሁ የሚያወራለት፣ ግራና ቀኙ ቤት የነበረው ድልድይ ያኔ ከፈረሰ 60 ዓመት አልፎት ነበር። በዚህ የሚሳሳተው ግማሽ ዓለም ስለሆነ አልፈርድባችሁም።

ሁለተኛው ግን ይብሳል። የዚያ ዘመን ሰዎች ቦታ ስለጠበባቸው ሳያስቡ ድልድይ ላይ ቤት ሠሩ፣ ድልድዩም ለዚህ ነው ሲፈርስ የኖረው ብላችኋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ያንን ድልድይ ከ600 ዓመት በላይ ካቆሙት ነገሮች ዋናው የቤቶቹ ኪራይ ነው።

ታሪክ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። የለንደን አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። በዛሬው የለንደን ድልድይ በቀን ስንቴ እንደምመላለስ ቆጥሬ አላውቅም። የዛሬው በ1973 የተከፈተ ደረቅ ኮንክሪት ነው። ቱሪስቶች «ለንደን ብሪጅ የት ነው?» ይሉኛል፤ «እላዩ ላይ ናችሁ» ስላቸው ፊታቸው ይጠቁራል። ይሄ ጥያቄ ሲደጋገምብኝ ነው ስለ ድሮው ማንበብ የጀመርኩት።

የድሮውን ድልድይ በ1176 የጀመረው ፒተር የሚባል የኮልቸርች ደብር ቄስ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የእንጨት ድልድዮች አንዴ ሲቃጠሉ አንዴ ጎርፍ ሲወስዳቸው ኖረዋል። ቄሱ በድንጋይ ልሥራ አለ። 33 ዓመት ፈጀ። እሱ ግን በ1205 ስለሞተ ፍጻሜውን አላየም፤ ድልድዩ መሐል በተሠራው የቅዱስ ቶማስ ቤኬት ጸሎት ቤት ሥር ቀበሩት። ባለ ሁለት ፎቅ ጸሎት ቤት ነበር፤ መንገደኛው ከላይ፣ ጀልባ ቀዛፊው ከታች በወንዙ በኩል ይገባበታል። በ1209 ሲያልቅ 280 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ በ19 ቅስት የቆመ ድልድይ ሆነ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ንጉሥ ጆን ገና ግንባታው ሳያልቅ ለለንደን ሰዎች በጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ ድልድዩ ላይ የሚሠሩት ቤቶች ኪራይ ለዘለዓለም ለራሱ ለድልድዩ ጥገና ይዋል ይላል። ልብ በሉ፣ ቤቱ የታሰበው ከድልድዩ ጋር አብሮ ነው። በ1358 መዝገብ ላይ ድልድዩ ላይ 138 ሱቅ ይገኛል። ጓንት ሰፊ፣ ቢላዋ ሠሪ፣ ቀስት ሠሪ፣ መርፌና ቁልፍ ቸርቻሪ፣ ሁሉም ከታች ሱቁን ከፍቶ ከላይ ይኖራል። በየብስ ወደ ለንደን ከደቡብ የሚገባ ሰው ሁሉ በነሱ ደጅ ነው የሚያልፈው፤ እስከ 1700ዎቹ ድረስ በከተማዋ ሌላ ድልድይ አልነበረም። ለነጋዴ ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል? እኛ መርካቶ ውስጥ መተላለፊያ ዳር ላለች አንዲት በር ስንት እንደሚከፈል የምናውቅ ሰዎች ይሄ ሊገርመን አይገባም።

ሌላም ገቢ ነበረው። ሰው ሲሞት «ለእግዚአብሔርና ለድልድዩ» እያለ መሬትና ቤት ይናዘዝለታል። እኛ ለደብር ስለት እንደምናስገባው መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ የሚሰበስቡት የድልድዩ ሹሞች ነበሩ። ኪራይ ይቀበላሉ፣ ድንጋይና እንጨት ይገዛሉ፣ አናጢና ግንበኛ ይቀጥራሉ፣ ወጪ ገቢውን ይመዘግባሉ።

እና ገንዘቡ ሲነካ ምን ሆነ? ንጉሥ ሄንሪ ሣልሳዊ የድልድዩን ገቢ ለሚስቱ ለንግሥት ኤሊኖር ሰጣት። እሷ ኪራዩን ሰበሰበች፣ ለጥገናው ግን እጇን አሳጠረች። ላሟን እያለቡ ገለባ እንደመንሳት ነው። የለንደን ሰው ጮኸ፣ ሰሚ አላገኘም። በ1281 መጨረሻና በ1282 መጀመሪያ በነበረው ክረምት ወንዙ በረዶ ሠራና በረዶው እየተገፋ 5 ቅስት ይዞ ወረደ። ቤቶቹ ከብደውት ነው የፈረሰው የምትሉት እዚህ ላይ አያስኬድም፤ የቤቶቹ ገንዘብ ሌላ ኪስ ስለገባ ነው። በዚያው በ1282 ለድልድዩ ሀብት የንጉሥ ቻርተር ወጣ። ያ ተቋም ዛሬም አለ። ሲቲ ብሪጅ ፋውንዴሽን ይባላል፤ በለንደኑ ወንዝ በቴምስ ላይ 5 ድልድይ ያስተዳድራል፣ ከዚያም የሚተርፈውን ለበጎ አድራጎት ይሰጣል። ያ ፎቶ ላይ ያወጣችሁት ታወር ብሪጅ ራሱ የተሠራው በዚሁ የድሮ ድልድይ ገንዘብ ነው! እንግዲህ ፎቶው ጨርሶ አልሳታችሁም ማለት ይቻላል።

ኑሮው ምቹ ነበር እያልኩ አይደለም። ቤቶቹ በሁለቱም ወገን መንገዱን እየገፉ ሲመጡ ለጋሪውም ለሰውም ለከብቱም የቀረው ወርድ 4 ሜትር ያህል ነው። ላይኛው ፎቅ ከማዶው ጋር እየተያያዘ በቀን እንኳ እንደ ዋሻ ይጨልማል። ሽንት ቤቱ ቀጥታ ወንዝ ላይ ነው። ከ1580ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በሰሜኑ ጫፍ ቅስቶች ሥር ለከተማው የመጠጥ ውኃ የሚስብ መዘውር ተተከለ። ከላይና ከታች ያለውን አንድ ላይ ማሰቡን ለእናንተ እተዋለሁ።

ከሥር ማለፉም የዋዛ አልነበረም። የድልድዩ እግሮች እንዳይሸረሸሩ ዙሪያቸው በእንጨት ታጥሮ በድንጋይ ተሞልቶ ስለነበር ውኃው የሚያልፍበት ክፍት ቦታ ጠበበ። ወንዙ ከባሕሩ ጋር የሚሞላና የሚጎድል ስለሆነ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ከድልድዩ በላይኛውና በታችኛው ወገን ያለው የውኃ ከፍታ ልዩነት 2 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ጀልባ በዚያ መሐል እንደ ፏፏቴ ነው የሚወረወረው። ብዙ ሰው አልቆበታል። ብልሆች በላዩ ሞኞች በሥሩ እንዲያልፉ የተሠራ ድልድይ ነው ይሉ ነበር።

እሳቱንም ጠቅሳችኋል፤ ልክ ናችሁ። በ1212 ደቡብ በኩል የተነሳው እሳት በነፋስ ሰሜኑን ጫፍ ስላቀጣጠለ ድልድዩ ላይ የነበረው ሰው መሐል ቤት ቀርቶ አለቀ። የ1633ቱን ግን ዘላችሁታል፤ ያሳዝናል። በአንድ መርፌ ሠሪ ቤት ሠራተኛዋ ያልጠፋ አመድ በገንዳ አድርጋ ደረጃ ሥር አስቀመጠችው። በዚያ ሌሊት 42 ቤት ወደመ። ከቦታው የተወሰነው ባዶውን ቀረ። ከ33 ዓመት በኋላ፣ በ1666፣ ታላቁ የለንደን እሳት ድልድዩ ላይ ሲደርስ የሚበላው አጣና ክፍተቱ ጋ ቆመ። የደቡቡ ሰፈር የተረፈው በዚያች ሠራተኛ አመድ ነው ብል ማን ይከራከረኛል?

በድልድዩ ደቡብ በር ላይ ስለሚሰቀሉት፣ በሞት የተቀጡ ሰዎች ጭንቅላቶች ብዙ ጻፋችሁ። እሺ፣ የስኮትላንዱ አርበኛ ዋላስ በ1305፣ የእንግሊዙ ባለሥልጣን ቶማስ ሞር በ1535፣ እውነት ነው። ግን ያኔ ጭንቅላት የሚሰቀልበት በር ድልድዩ መሐል ካለው ከሚነሳው ክፍል ጋ ነበር፤ ጭንቅላቱ ወደ ደቡቡ በር የዞረው በ1577 ነው። እኔ ብሆን ከጭንቅላቱ ይልቅ በዚያ በመሐሉ በር ቦታ የቆመውን ኖንሳች ሀውስ እጽፍ ነበር። «አቻ የለሽ» ማለት ነው። ኔዘርላንድ ተሠርቶ፣ ተፈታትቶ በመርከብ መጥቶ፣ ያለ ምስማር በእንጨት ሽብልቅ ብቻ የተገጣጠመ ትልቅ ቤት ነው። በ1579 አለቀ።

አንድ ነገር ደግሞ ለሙያ ባልደረቦቼ። በ1722 መጨናነቁ ሲበዛ ከንቲባው ወደ ከተማ የሚገባ ጋሪ በምዕራቡ ወገን፣ የሚወጣው በምሥራቁ ይሂድ ብሎ አዘዘ። ግራህን ያዝ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ መጥቼ መሪውን በቀኝ በኩል ሳገኘው ሁለት ወር ሙሉ በር እየተሳሳትኩ የገባሁት ሰውዬ፣ ይህን ሳነብ ጥፋተኛውን ያገኘሁ መሰለኝ።

ቤቶቹ የተነሱት በ1756 በወጣ ሕግ ነው፤ በ1760ዎቹ መጀመሪያ አንድም አልቀረም። ሌላ ድልድይ ዌስትሚኒስተር ላይ ተከፍቶ ስለነበር መንገዱን ማስፋት ግድ ሆነ። ድንጋዩ ግን ከዚያ በኋላም 70 ዓመት ቆመ፤ በ1831 ጎኑ አዲስ ድልድይ ሲከፈት ነው ያፈረሱት። ያንን አዲሱንም በ1968 ለአንድ አሜሪካዊ ሸጡለትና ዛሬ አሪዞና በረሃ ውስጥ ቆሟል።

በዓለም ቤት የተሠራበት ብቸኛው ድልድይ ነበር የምትለዋንም አርሙልኝ። ጣሊያን ፍሎረንስ ከተማ ላይ ሱቅ የተደረደረበት ፖንቴ ቬኪዮ የሚባል ድልድይ አለ። ጀርመን ኤርፉርት ከተማ ደግሞ በ1325 በድንጋይ በተሠራው ድልድይ ላይ ዛሬም ሰው ይኖራል። እዚያ አካባቢ ያላችሁ ወገኖች ሄዳችሁ እዩት።

ለንደን ያላችሁ ደግሞ ሴንት ማግነስ ቤተ ክርስቲያን ግቡ። የቤተ ክርስቲያኑ ማማ ሥር ያለው ቅስት የድሮው ድልድይ የእግረኛ መንገድ ነበር። ውስጥ የድልድዩ ሞዴል አለ፣ ቤቶቹ አንድ በአንድ ተሠርተው፣ መንገዱ ላይ ትንንሽ ሰዎች ቆመው። እኔ አንድ እሑድ ከሥራ በፊት 20 ደቂቃ ብዬ ገብቼ ፈረቃዬ ሊያመልጠኝ ነበር። ልጄ ጭንቅላቶቹን ፈለገች፤ እኔ ሱቆቹን ቆጠርኩ፣ ግማሹ ላይ ሳልደርስ ጠፋብኝ።

ፎቶውን ቀይሩት፣ አደራ። ፎቶ ካጣችሁ እኔ የሞዴሉን በስልኬ አንስቻለሁ፣ እልክላችኋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ከለንደን