ትምህርቱን በመኪና ልኬዋለሁ

አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ልጆቹ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ መውጣታቸውን ያስቁሙልኝ። ስልኩ አናት ላይ የምትታየው የላቲን «ኢ» ቱጂ፣ ቀርፋፋው የድሮ ኔትወርክ፣ ነው ማለት ነው። በሰከንድ 60 ኪሎቢት ቢያገኙ እንኳ 30 ሜጋባይት የሆነ መጽሐፍ ለማውረድ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። በመሀል ስልክ ከተደወለ ዳታው ቀጥ ይላል፤ ከተቋረጠ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዜሮ ይጀምራል፣ የበላው ካርድ ግን አይመለስም። አሥር ልጅ አንድ ስክሪን ላይ ሲያንጋጥጥ ደግሞ «ሁለት የአዋቂ እርምጃ» የሚባለው የኮሮና ጥንቃቄ ቀረ።

ትምህርት ቤት መጋቢት 7 ከተዘጋ ወዲህ እዚህ ሰፈር ላለ ልጅ ወርክሺቱ በቴሌግራም ይደርሰዋል፣ ቤቱ ዋይፋይ ካለ ቪዲዮውንም ያያል። «ትምህርቱ ተለቋል» ሲባል የሚታሰበው እሱ ነው። እናንተ ጋ እስኪደርስ መጠበቅ ስለማያዋጣ ከባዱን ሁሉ በሚሞሪ ካርድ አድርጌ ለሾፌሩ ሰጥቻለሁ።

ፖስታው ውስጥ ባለ 8 ጊጋባይት ሁለት ካርዶች አሉ። የ8ኛ ክፍል ሂሳብና ሳይንስ በድምፅ ነው የተቀዳው፤ ባለ ቁልፉ ስልክ ፒዲኤፍ አይከፍትም፣ ድምፅ ግን ያጫውታል። የግማሽ ሰዓቱ ትምህርት 7 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ አንዱ ካርድ ብቻ ለዓመት ይበቃል፤ ሁለተኛው መጠባበቂያ ነው። የፋይሎቹን ስም በቁጥር ብቻ ያደረግሁት ያ ስልክ የእኛን ፊደል ሳጥን ሳጥን አድርጎ ስለሚያሳይ ነው፦ 8-01 የ8ኛ ክፍል የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

ስልኩን አጥፍተው ባትሪውን ያውጡ። የካርዱ ቦታ ከሥር ነው፤ የካርዱ ነሐስማ ጥርስ ወደ ታች ይዙር። ሲበራ «ፎርማት» የሚል ጥያቄ ከመጣ እንዳይስማሙ፣ ሁሉንም ያጠፋዋል። አውጥተው ጥርሱን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው እንደገና ያስገቡ። ድምፁ ካነሰ ስልኩን ባዶ ጣሳ ውስጥ ያቁሙት፤ እስከ በረንዳ ይሰማል፣ ልጆቹም ተራርቀው ይቀመጣሉ።

የታናናሾቹን በሬዲዮ ያስከታትሏቸው። በኤኤም የሚሰማ ጣቢያ ከሆነ አንቴናውን መሳብ ዋጋ የለውም፤ የሚቀበለው ብረት ሬዲዮኑ ሆድ ውስጥ ነው። ሬዲዮኑን ራሱን በዝግታ ያዙሩት፣ ጥራቱ ሲመጣ ያቁሙ። ሶላር ቻርጀሩ አጠገብ ካለ ይጮህበታልና ያርቁት።

ኔትወርኩን ለመልስ ብቻ ይተዉት። አጭር የጽሑፍ መልእክት በደካማ ሲግናልም ያልፋል። በእኛ ፊደል አንዱ መልእክት 70 ፊደል ብቻ ይይዛል፣ በላቲን 160፤ ስለዚህ የምርጫ ጥያቄ መልስ በላቲን ይላክ። የእህቴ ተች ስልክ ላይ ደግሞ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ በሞባይል ዳታ ራሱ የሚያወርደውን ትዝጋው። የቤት ሥራ ስትልክ በፎቶ እንጂ በፋይል አይሁን፤ ፎቶውን ቴሌግራም ያሳንሰዋል፣ ፋይሉን ግን እንዳለ ጥቂት ሜጋባይት አድርጎ ይልከዋል።

ክረምቱ ገብቷልና ፀሐይ የወጣች ዕለት መጀመሪያ ስልኩን ቻርጅ ያድርጉ፣ መብራቱ ይቆይ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አልኮሉን ጨርቅ ላይ አድርገው ይጥረጉት፤ ስልኩ ላይ ከፈሰሰ በድምፅ ማውጫው ይገባል።

ካርዱን ሲጨርሱ በዚያው ሾፌር ይመልሱልኝ። ባዶውን ግን አይምጣ፤ ልጆቹ ያልገባቸውን በስልኩ መቅጃ በየተራ ይናገሩበት፣ የፋይሉንም ቁጥር ይጥሩ። መልሱን በሚቀጥለው መኪና እልካለሁ።

ልጅዎ