ገጸ ባሕርይ ራሱን የሚያውቀው ተኩስ ሲቆም ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ጦርነት ልቦለዶች ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ ገጸ ባሕርይ ራሱን የሚያውቀው በውጊያ መሐል ነው ተብሏል። በዚህ አልስማማም። ተኩስ ሲከፈት ሰው ይሮጣል፣ ይተኩሳል፤ ስለ ራሱ የሚያስብበት ፋታ የለውም።

ጀርመናዊው ደራሲ ሬማርክ እ.ኤ.አ. በ1929 ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ባሳተመው ልቦለድ ውስጥ ወጣቱ ጀርመናዊ ወታደር ፓውል፣ የተደበቀበት ጉድጓድ ውስጥ የወደቀበትን ፈረንሳዊ በጩቤ ይወጋዋል። ይህ ደመ ነፍስ ነው። ሰውየው ግን ቶሎ አይሞትም። ፓውል ውሃ ያጠጣዋል፣ ቁስሉን ያስርለታል። ከሞተ በኋላ የኪስ ቦርሳውን ሲከፍት የሴትና የትንሽ ልጅ ፎቶ ያገኛል። ጠላት የተባለው ሰው የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ቁጭ! ፓውል ማን እንደ ገደለ፣ ራሱም ምን እንደ ሆነ የሚገባው ያኔ ነው።

የእኛው የበዓሉ ግርማ ልቦለድ «ኦሮማይ»ም ከዚህ አይርቅም። ጋዜጠኛው ፀጋዬ አስመራ የሚወርደው ደርግ በኤርትራ አማፅያን ላይ የከፈተውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ፕሮፓጋንዳ ሊመራ ነው። ውስጡን የሚያናጋው ግን ጥይት ብቻ ሳይሆን እዚያ ያገኛት የፊያሜታ ፍቅርም ነው።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ደርሶ ነበር። ያዩትን ለመጻፍ የሚሞክሩ የአካባቢያችን ወጣቶች ጀግንነት ብቻ ጻፉ ከተባሉ፣ ዋናውን ነገር ይተዉታል።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ ለሰሜን ሸዋ ጀማሪ ጸሐፊዎች በወር አንድ ገጽ ይክፈት። የመጀመሪያው ርእስም ከግንባር የተመለሰ ሰው ቤቱ የሚያሳልፈው የመጀመሪያ ሳምንት ይሁን።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን