ያልተረጎምኩት ጥያቄ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ የጤና ዓምድ ስለ ጉበት በሽታ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከሥራ ስመለስ ሬድ ላይን ባቡር ላይ አነበብኩት። ስለ ሄፓታይተስ ቢ ክትባት የጻፋችሁት ግሩም ነው፤ ቆርጬ ለእህቴ ልጅ ሰጥቻለሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆምኩ። «ሄፓታይተስ ሲ በደም እንጂ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አይተላለፍም» ይላል። እኔም ይህን ለዓመታት አምኜ ኖሬያለሁ። ማመኔ ሰው ስለጎዳ ነው ይህን ደብዳቤ የምጽፈው።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በሆስፒታልና በክሊኒክ አስተርጓሚ ነኝ። የሰው ሚስጥር ይዤ ነው የምውለው። ስለዚህ ክሊኒኩን፣ ዓመቱን፣ ሰውየውን የሚያሳውቅ ነገር ከእኔ አትጠብቁ። እንድጽፍ የፈቀደልኝ ራሱ ነው።

ሰውየው ኤችአይቪ በደሙ ከተገኘ ቆይቷል። መድኃኒቱን ሰዓት ጠብቆ ይወስዳል፤ ቫይረሱም በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ወርዷል። የዚያን ዕለት ግን ጉበት ሲቆጣ ከፍ የሚለው ኤኤልቲ የሚሉት ቁጥር ተሰቅሎ መጣ። ዶክተሯ መጠየቅ ጀመረች። አልኮል ይጠጣሉ? ለበዓል ካልሆነ አልጠጣም። የባህል መድኃኒት? እናቱ የላኩለት ዳማከሴ ነበረች። ዳማከሴ ምን እንደሆነ ለዶክተሯ ለማስረዳት አምስት ደቂቃ ፈጀብን። በመርፌ ዕፅ ይወስዳሉ? ይሄን ሲሰማ ሳቀ። ከዚያ ዶክተሯ ከኮምፒውተሯ ቀና አለችና ከወንድ ጋር ግንኙነት ያደርግ እንደሆነ ጠየቀች።

እኔ እንዲህ ብዬ ተረጎምኩ፤ «ሌላ ጉበትዎን ሊጎዳ የሚችል የሚያውቁት ነገር አለ?»

ትንሽ ዝም አለ። «የለም።»

«የለም ይላል» አልኳት።

ለምን እንዲህ አደረግሁ? የአገሬ ልጅ ነው፣ ታናሽ ወንድሜ ይሆናል፤ ላሳፍረው አልፈለግሁም። እንዲያ ነበር ለራሴ የምነግረው። እውነቱን ከነገርኳችሁ ያፈርኩት እኔ ነኝ። ሰበብም ነበረኝ። የጉበት ቫይረስ የሚመጣው በደም ነው፣ ታዲያ ያ ጥያቄ ቢቀር ምን ይጎድላል አልኩ። የእናንተው ዓረፍተ ነገር ማለት ነው።

ዶክተሯ የሄፓታይተስ ሲ ምርመራ አዛ ነበር። የታዘዘው ግን ሰውነት ለቫይረሱ የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል የሚፈልገው ነው። ይህ ደግሞ በሽታው ከያዘ በኋላ ብዙ ሳምንት ቆይቶ ነው የሚታየው፤ ኤችአይቪ ባለበት ሰው የበለጠ ሊዘገይ ይችላል። ውጤቱ «ነፃ» ተብሎ መጣ። መልሱን ብታውቅ ኖሮ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገውን የአርኤንኤ ምርመራ ታዝ ነበር። ራሷም ነግራኛለች፣ በኋላ። ዓይኑ ቢጫ ቢሆን ማንም ይጠረጥር ነበር፤ እኛ አገር የሌሊት ወፍ ሸናበት፣ የወፍ በሽታ ያዘው ይባላል። ግን ሄፓታይተስ ሲ የያዛቸው አብዛኞቹ ሰዎች መጀመሪያ ላይ ምንም አይታይባቸውም።

ከወራት በኋላ ሌላ ቀጠሮ ነበረው። እኔ አልነበርኩም፣ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው አገኙ። ያ ሰው ጥያቄውን እንዳለ ተረጎመው። ታማሚውም «አዎ» አለ። አንዲት ቃል። በሳምንቱ አርኤንኤው ታየ፣ ቫይረሱ አለ። ጓደኛውም ተመረመረ፣ እሱም አለበት። ሁለቱም ኤችአይቪ ስላለባቸው፣ ቫይረሱም በመድኃኒት ስለታፈነ፣ «ከእንግዲህ ምን እንሰጣጣለን?» ብለው ኮንዶም ትተው ነበር። ለኤችአይቪ ነገሩ ልክ ነው፤ ቫይረሱ የማይታይበት ሰው በግንኙነት አያስተላልፍም። የኤችአይቪ መድኃኒት ግን ሄፓታይተስ ሲን አይከለክልም። ኤችአይቪ የሌለበት ሰው እንዳይያዝ የሚወስደው መከላከያ፣ ፕሬፕም፣ አይከለክልም።

ይህ የሁለት ሰው ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ለንደን፣ ፓሪስ፣ አምስተርዳም፣ በርሊን ያሉ ሐኪሞች ኤችአይቪ በደማቸው ባለ፣ ከወንድ ጋር ግንኙነት በሚያደርጉ ወንዶች ላይ ይህንኑ አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት ሲዲሲ ከኒው ዮርክ ዘገባ አወጣ። ከ2005 እስከ 2010 ባለው ጊዜ በመርፌ ዕፅ አልወሰድንም ያሉ 74 እንዲህ ያሉ ወንዶች ሄፓታይተስ ሲ አዲስ ይዟቸው ተገኝተዋል። ጎልቶ የወጣው ያለ ኮንዶም በፊንጢጣ የሚደረግ ግንኙነት ነው፤ ክሪስታል ሜታምፌታሚን ከሚሉት አነቃቂ ዕፅ ጋር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በዚያ በኩል ያለው ሥጋ ስስ ነው፣ በቀላሉ ይደማል። ቫይረሱ በደም ብቻ ሳይሆን በዘር ፈሳሽም ውስጥ ተገኝቷል። ኤችአይቪ ባለበት ሰው ጉበቱም ቶሎ ይጠባሰሳል።

ዓምደኛችሁን ልከላከልላቸው፤ ከአየር አላመጡትም። ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዳቸው ሄፓታይተስ ሲ ያለባቸው 500 ጥንዶች፣ ወንድና ሴት፣ ተጠንተው ነበር። ቫይረሱ በግንኙነት የመተላለፍ ዕድሉ ቢበዛ ከ190,000 ግንኙነት አንድ ጊዜ ሆኖ ተገኘ። ለባልና ሚስት የጻፉት ልክ ነው ማለት ይቻላል። ግን ጋዜጣችሁን የሚያነበው ባልና ሚስት ብቻ ነው? እንዲህ ያለ ሐበሻ የለም የምትሉ ከሆነ፣ እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ስለ ሃይማኖቱ አልከራከርም፣ ቄስ አይደለሁም።

ሕክምናው ሲጀመር የተመደብኩት አስተርጓሚ እኔው ሆንኩ። ኢንሹራንሱ እስኪፈቅድ ስንት ደብዳቤ ተጻፈ መሰላችሁ! ኪኒኑ በቀን አንዴ ነው፣ ለ12 ሳምንት። ከመቶ ከ95 በላይ ሰው ይድናል፤ እሱም ድኗል፣ ጓደኛውም። ዶክተሯ አስረግጣ የነገረችው፣ እኔም ቃል ሳልጥል የተረጎምኩት፣ መዳን ዳግመኛ ከመያዝ አያድንም የሚለውን ነው። ክትባት የለውም። ፀረ እንግዳ አካሉ ከደም ስለማይጠፋ ከእንግዲህ በየዓመቱ የሚታየው አርኤንኤው ነው። ሆላንድ ይህን መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ለሁሉም ታማሚ ከፈቀደች በኋላ፣ በነዚህ ወንዶች መካከል አዲስ የሚያዘው ሰው በ2016 ከ2014ቱ በግማሽ ያህል ወርዶ ተገኝቷል። የዳነ ሰው አያስተላልፍምና።

የመጀመሪያውን ኪኒን ተቀብሎ ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ። ቀደመኝ።

«እትዬ፣ ያን ቀን እኮ እንግሊዝኛው ገብቶኝ ነበር። እርስዎ ሲቀይሩት፣ ለካ በአማርኛ አይባልም ብዬ ዝም አልኩ።»

ስለዚህ የምለምናችሁ ማስተካከያ እንድታወጡ ነው። ሁለት መስመር ይበቃል። በአማርኛ ይባል። «ከወንድ ጋር ግንኙነት የሚያደርጉ ወንዶች፣ በተለይ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ፣ ሄፓታይተስ ሲ በግንኙነት ሊይዛቸው ይችላል፤ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይመርመሩ» በሉ። ስድብም ስብከትም የሌለበት ቃል አጥተን አይደለም፤ ትንሽ ይረዝማል እንጂ አለ።

እኔ አሁን የተጠየቀውን እንዳለ እተረጉማለሁ። ባለፈው ማክሰኞ አንድ ነጭ ጋቢ የለበሱ አባት ይህንኑ ጥያቄ ከአፌ ሲሰሙ ከወንበራቸው ሊነሱ ምንም አልቀራቸው። «ምን ነክቶሻል አንቺ?» አሉኝ። እሱንም ለዶክተሩ ተረጎምኩለት።

ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ የሚታወቅ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ