ማስታወቂያውን አትቁረጡት

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የድሮ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ የሚናፍቀው ብዙ ነው፤ የቪዲዮ ካሴቱን ግን የሚያገላብጥ የለም። ድራማ ሲቀዳ መሀል የገባው ማስታወቂያ እዚያው አለ።

እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳም ከተማ ካሴቱን ከቀዝቃዛ ዕቃ ቤት አውጥቶ ወዲያው ዴክ ውስጥ መክተት አደገኛ ነው። ክሩ ጤዛ ይይዝና ሄዱ (ክሩን የሚያነበው የዴኩ ክፍል) ላይ ይጣበቃል። ሞቅ ባለ ክፍል 24 ሰዓት ይቆይ። ነጭ ሻጋታ ከታየበት ጭራሽ አይግባ፤ ዴኩንም ሌሎቹንም ካሴቶች ይበክላል። በካሴቱ ጠርዝ ያለችውን ትንሽ የመቅጃ መከላከያ ፕላስቲክ ስበሯት፤ ካልተሰበረች ሪኮርድ በስህተት ከተነካ የነበረው ይጠፋል።

ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ፓል (የእኛ ካሴቶች የተቀዱበት የምስል ስርዓት)፣ የምስል መጠን 720 በ576፣ በሰከንድ 25 ምስል ይመረጥ። ኤንቲኤስሲ በሚባለው ሌላ ስርዓት ላይ ከተተወ ቀለሙ ይጠፋል፣ ምስሉም ይንከባለላል።

ገልባጮች ደግሞ ማስታወቂያውን ቆርጠው ድራማውን ብቻ ያስረክባሉ (ለደንበኛው ያሰቡ መስሏቸው!)። ሳይቆረጥ እንዲሰጧችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

አንባቢያችሁ፣ ከሰሜን ሸዋ